የቦሰና አሥራ ሁለት ልጆች

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ዛሬም ሳጥኑን ሳልከፍት ዋልኩ። ጉልበቴ... የቀጨኔን ዳገት ልውጣበት ወይስ ቁም ሳጥን ላይ ልንጠላጠልበት? ሁለት ወር ሙሉ የቦሰናን አደራ የምትወለውለው ልጄ ኡመይማ ናት። እሷም ስታስተምር ውላ፣ ከዊንጌት ታክሲ ስትጠብቅ አምሽታ።

ለቦሰና ግን እንደ ቅዳሜው ሁሉ ደወልኩላት።

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው» አልኳት።

አራት ዓመት እንዲህ ነው የምንባባለው። ልጆቹ የእናቷ አሥራ ሁለት ጠገራ ብሮች ናቸው። በስልክ ስማቸው አይጠራም፣ ሌባ ጆሮው ሰፊ ነው። ቦሰና ጎረቤቴ ነበረች። ቤቷ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስትገባ «እዚያ ሰው እስካውቅ» ብላ አደራ ሰጠችኝ። እንደ መስታወት ያበሩ ነበር። እንደዚያው ላስረክባት ብዬ ይኸው... በየሳምንቱ በጥጥ ጨርቅ መወልወል። እርጥበቱን እንዲጠጣ ሳጥኑ ውስጥ ጠመኔ መጨመር። ጠመኔስ አሁን የት ይገኛል? ሁሉም ማርከር ሆነ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ቦሰና ያለ ቀኗ ደወለች። ልጇ ሮሐ ልትዳር ነው። «ድሪ አሠርቼ አንገቷ ላይ አደርግላታለሁ። ጥር 4 መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» አለች። አልሐምዱሊላህ፣ ሸክሜ ሊወርድልኝ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ሳጥኑን ከፈትኩ። ጠቁረዋል! ሁሉም ላይ መሃል ለመሃል ጥቁር መስመር። ኡመይማ እንዳይጋጩ ብላ ሁለት ሁለቱን በላስቲክ አስራቸዋለች።

«እማ፣ አንቺ ሱቅ ውስጥ ሁሉን ነገር በላስቲክ አይደል የምታስሪው?»

እኔው ነኝ ያስተማርኳት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

አንዱን በአመድና በሎሚ ፈተግኩት። አበራ። ግን ብሩ ላይ የተቀረጸችው የንግሥቲቱ ፊት... አፍንጫዋ ደበዘዘ። ደንግጬ ተውኩት።

አንጥረኛው ጋሽ ኢታና ጋ ወሰድኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብሩን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«ላስቲኩ ነው። ድኝ አለበት፣ ብር ያጠቁራል። በይ ከእንግዲህ እንዳትፈትጊ፣ መልኩ ይጠፋል። አሮጌ ብር የሚሰበስቡትም የተፈተገ አይወዱም። ለየብቻ በጥጥ ጠቅልያቸው፣ በቃ።»

«አደራ ናቸው እኮ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እውነቱን ንገሪያታ።»

ለእሳቸው ቀላል ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

ለቦሰና ስደውል «ደህና ናቸው» አልኳት። በአራት ዓመት የመጀመሪያው ውሸቴ።

ሐሙስ፣ ጥር 1

ምግብ አልበላልኝ አለ። ልንገራት? ወይስ ሁሉንም ልፈትጋቸውና ልገላገል? ደከመኝ።

እሑድ፣ ጥር 4

መጣች። ገና ሻይ ሳላቀርብላት ሳጥኑን ፊቷ አስቀመጥኩት።

«ቦሲዬ፣ አፉ በይኝ። አበላሽቼብሻለሁ።»

ከፈተችው። አንድ በአንድ አንስታ አየቻቸው። ከዚያ ሳል እስኪያንቃት ሳቀች።

«ዓሊማዬ፣ እናቴ ቤት እኮ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረው ነበር። አንቺ ጋ ላመጣቸው ስል አፈርኩ። ‹ከነእድፋቸው አመጣችብኝ› ትለኛለች ብዬ ቀኑን ሙሉ በአመድ ስፈትጋቸው ዋልኩ። ጣቴ ተልጦ ነበር!»

አራት ዓመት! የእሷን የአንድ ቀን ፍትጊያ ለመጠበቅ አራት ዓመት ቅዳሜዬን... ሳቅኩ፣ ግን ተናድጄም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ መች ደከመኝ አልሽኝ?»

ሳጥኑን ትታልኝ ብሮቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሰርጉ አለፈ። ሮሐ አንገት ላይ ጥቁሩም ነጩም አምሮ ነበር።

ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ እጄ ጨርቁን ፈለገ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጠመኔው ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ደበረኝ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ነው የምደውልላት?

ደወልኩ።

«ልጆቹስ?»

«እየጠቆሩ ነው፣ ተመስገን» አለች። «አንቺስ?»

ደህና ነኝ ልል ነበር።

«ደክሞኛል፣ ቦሲ» አልኳት።

ሱቁን ዘጋሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን።