በዜግነት ክላስ ያመለጠኝ ቃል

ኦክላንድ፣ መስከረም 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ተክለጻድቅ፤

አዲሱን ዓመት እንደምን ተቀበሉት? ጤናዎስ? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ኤል ሴሪቶ ሄጄ ለዜግነት ፈተና የአሜሪካን ታሪክ እማራለሁ።

እንግሊዞች ሳያማክሯቸው ታክስ ስለጣሉባቸው የቦስተን ሰዎች ሻዩን ባሕር ውስጥ እንደጨመሩት፣ አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች ተዋግተው ነፃ እንደወጡ፣ ሕገ መንግሥቱንም ለመጻፍ ወራት ሙሉ እንደተከራከሩ ተማርን። ዘንድሮ ሁለት መቶ ዓመቱ ነው። አስተማሪያችን ሚስስ ኮል ስትጠይቅ ቀድሜ የምመልሰው እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ “ታሪክ ማን አስተማረሽ?” አለችኝ።

“የታሪክ አስተማሪ ወንድም ነበረኝ” አልኳት።

“ሶሪ፣ በጣም ሶሪ” ብላ እጄን ያዘችኝ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከሀፍረቴ የተነሳ ቀና ማለት አቃተኝ። እንግሊዝኛዬ ነው ያሳሳተኝ እንዳልል፣ “ነበረኝ”ን ከ“አለኝ” አሳምሬ እለያለሁ። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ክላስ ሳይጀመር ጠጋ ብዬ፣ “ወንድም አለኝ፤ ስሙ ተክለጻድቅ ነው” አልኳት።

ፊቷ በራ። “ደስ ይላል! አሁን የት ነው የሚያስተምረው?” አለችኝ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ገለጥኩ።

እማዬ ስለ እርስዎ በጎረቤት እጅ “ደህና ነው” ብላ ካስጻፈችልኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። ረጅም ደብዳቤ አልጠይቅዎትም፤ ስምዎን ብቻ በራስዎ እጅ ጽፈው ይላኩልኝ።

ጉልበትዎን የምትስመው ታናሽ እህትዎ፣
ዓለምፀሐይ