ለቢራ ሳጥን የተጠየቀው ጓዳ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 1971 ዓ.ም.

ውድ እናቴ ወለተ ሐና፣

ይህን የሚያነብልዎ ቄስ ደጅይጥኑ እንደሚሆኑ ከአበርገሌ ኒሯቅ የሚመጡት የፍየል ነጋዴዎች ነግረውኛል። ቄስ ሆይ፣ እባክዎ ረጋ ብለው ያንብቡላቸው። እናቴ ንግግር ሲፈጥንባቸው ሳይገባቸው “ገባኝ” ይላሉ። አይቀየሙኝ እናቴ፣ ዛሬም እንደዚያው ይሆናሉ ብዬ ነው።

ጽሕፈቱ የራሴ ነው። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ከሰላሕ ሱቅ ስኳር ተጠቅልሎ የሚመጣበትን የጋዜጣ ወረቀት እየዘረጋሁ ብቻዬን ፊደል ቆጠርኩ። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ከመሐሉ የተቀደደ ነው። አንድ ሰው ከቤቱ ይወጣና መንገድ ላይ ሳለ ወሬው ይቆረጣል። የት እንደደረሰ እኔ አስቤ እጨርሰዋለሁ። ስንቱን ሰው በሐሳቤ ቤቱ እንዳስገባሁት አያውቁም።

ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ጉም ከተማውን ይሸፍነዋል። ደጁን ስከፍት ሰቆጣ የለችም፤ የአህያ ኮቴ ብቻ ይሰማል፣ አህያው አይታይም። እንዲህ ባለው ጠዋት እርስዎ ጓዳ ውስጥ ያሉ ይመስለኛል። ጆሮዎን ጋኑ ላይ አስጠግተው፣ እጅዎን ወደ እኔ ዘርግተው፣ “ዝም በይ እስቲ፣ ጥንስሱ እያወራ ነው” ሲሉኝ ይሰማኛል። ያን ጊዜ አብሬዎ ጆሮዬን አስጠጋ ነበር። ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ያለ ድምፅ ነበረው። አሁንም ገብቼ አስጠጋለሁ። ጋኑ ባዶ ስለሆነ የምሰማው የራሴን ደም ነው፤ እሱም ዝናብ ይመስላል፣ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ።

የጻፍኩበትን ጉዳይ ልናገር። የቀበሌው ክበብ ኃላፊ ጓድ ገበያው መጥቶ ነበር። የአያ ማሬ ልጅ ነው፣ ያውቁታል፤ ጠላ ልቅዳ ብሎ ጣሳውን ገደል የሰደደብን። አሁን ሰው ሆኗል፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል።

“ጓዳሽ ባዶ ነው አሉ” አለኝ።

“ጋኖች አሉበት።”

“ጋኖቹ ውስጥስ ምን አለ?”

የጓዳውን መጋረጃ ሳብኩበት።

“እንግዲህ ባዶ ነው” አለ፣ ከክፋት ሳይሆን ሒሳብ እንዳረጋገጠ ሰው። ክበቡ የቢራ ሳጥን ማስቀመጫ አጥቷል። ጓዳውን ብለቅለት ኪራይ ይከፍለኛል፤ ክበቡም ውስጥ ቢራ የምቀዳ ሠራተኛ አድርጎ ይቀጥረኛል። ጋኖቹን በሰው አስወጥቶ ደጅ ይደረድራቸዋል። የቢራው መኪና ከኮረም የሚገባው ቅዳሜ ነው።

“ቤቱ የእናቴ ነው” አልኩት።

“እሳቸውማ ከሄዱ ቆዩ። አንቺ ማን ነሽ ታዲያ፣ ዘበኛ?”

አስቤ ቅዳሜ እነግርሃለሁ አልኩት።

ቤቱ እንዴት ባዶ ሊሆን ቻለ ይሉኛል። መጀመሪያ ጌሾው ጠፋ። ከቆላ የሚያመጡት ሰዎች ኬላ ላይ ስለሚውሉ መምጣቱን ተዉት። ገብሱም ለኮታ ይሰጣል፣ የተረፈው ለእንጀራ አይበቃም። ብቅል ላሰጣ ስል ስብሰባ ነው፤ ጥንስስ ልጥል ስል ዘመቻ ነው፤ ጠላ ደግሞ እርስዎ እንደሚሉት ቀጠሮ አያውቅም፣ ጥለውት ከሄዱ ይኮመጥጣል። ይህ ሁሉ ግን ሰበብ ነው እናቴ። ጌሾው ቢመጣም የሚጠጣው ሰው ሄዷል። ወጣቶቹ የሚሉትን አዳምጫለሁ። ቢራ ቆርኪ አለው፣ የሰው እጅ አልነካውም ይላሉ። እኛ ጠላ ቤት ግን የመጣ ሰው ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀው “የማን እጅ ነው?” ብሎ ነበር። የእርስዎ ነው ሲባል ነበር የሚቀመጠው። አሁን እጅ የሌለበት ነገር ነው የሚታመነው። መቼ እንደተገለበጠ አላየሁም። ጉም ሲገባ እንደማይታየው ነው።

እኔም ላባብላቸው ሞከርኩ። ጌሾውን ቀነስኩ፣ ስኳር ጨመርኩበት፣ ጠርሙስ ውስጥ እንዳለው ይጥራ ብዬ በነጠላ ደጋግሜ አጠለልኩት። የመጀመሪያውን የቀመሰልኝ አያ አሥራተ ማርያም ነው። ያ ግንበኛው፣ ጥግ ጥጉን የሚቀመጠው። አፉ ውስጥ አቆይቶ ዋጠው።

“አንቺ ጥሩሐረግ፣ ይሄ ጠላ ነው ወይስ ለሳል የታዘዘ?”

“ወጣቶቹ ምሬት አይወዱም ብዬ ነው፣ አያ።”

“ወጣቶቹ የታሉ?”

ዞሬ አየሁ። አግዳሚው ላይ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም።

ጎረቤታችን ሐሊሜ ይህን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። “አብሽሪ” አለችኝ። “የኔንስ የገብስ ቀሪቦ ማን ይጠጣዋል? ልጆቼ ለዒድ እንኳ ለስላሳ ካላመጣሽ ብለው አኮረፉኝ። አንቺን ቢራ ቀማሽ፣ እኔን ስኳር ውሃ።” ከዚያ ቀዝቀዝ አለችና፣ “ያንቺን ጠላ ባልቀምሰውም፣ አማትሽ ጋኑን በወይራ ሲያጥኑ ጭሱ በአጥሩ ያልፍ ነበር። ዓመት በዓላችሁ መድረሱን የማውቀው በዚያ ነበር” አለች።

ልጅዎ አስማረ የመጀመሪያዋን የቢራ ጠርሙስ ያመጣ ዕለት ትዝ ይልዎታል? ከጫኚዎቹ ጋር ከኮረም ተመልሶ ነው፣ በጋቢው ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፏት ገባ። በጥርሱ ከፈታት፣ አረፋው እጁ ላይ ፈሰሰ። ለእርስዎ በሽክና ቀዳልዎ። ቀመሱና ዓይንዎን ጨፈኑ። “ውሃው ተቆጥቷል እንጂ አልበሰለም” አሉ። አስማረ እስኪያነባ ሳቀ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። እርስዎን ፈርቼ መራራ ነው አልኩ። ጠርሙሷን አጥቤ አስቀመጥኳት፤ ብርሃን ሲያርፍባት ቤቱ የማላውቀው አገር ይመስለኝ ነበር።

ስለ ተዝካሩ እርስዎም እኔም ያየነው ነውና ልተወው ነበር። ለቄሱ ግን እንግዳ ነው፤ ሳያውቁ ማንበብ የለባቸውም። ባሌ አስማረ ሰሊጥ ሊጭን ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ። ለአርባው እናቱ ጠላ ጠመቁ፤ ጥንስሱን ሲጥሉ አላለቀሱም። በዚህ ቤት ወግ፣ ለሞተ ሰው የተጠመቀ ጋን የምትከፍተው እናት ናት። መጀመሪያ እሷ ትቀምሳለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ ከዚያ ሕዝቡ ይጠጣል። እኔ ደግሞ ባለመኪናዎቹና የመሥሪያ ቤት ሰዎቹ ይመጣሉ ብዬ ቢራ በሳጥን አስመጣሁ። እናቴ ሽክናቸውን ይዘው ዳሱ በር ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ጠርሙስ ጨብጦ ይስቅ ነበር። ቆሙ። ዞረው ወጡና ሽክናውን አጥሩ ሥር ለተቀመጡት ነዳያን ሰጡ፤ የልጃቸውንም ስም ለእነሱ ነገሩ። ሰኞ ከፍየል ነጋዴዎች ጋር ወደ አበርገሌ ወረዱ። አልተቆጡም። አንድ ቃል እንኳ ቢሉኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ያላወቁት አንድ ነገር አለ። ቢራውን ያስመጣሁት ለአስማረ ክብር ብዬ አልነበረም። ሰው “የጠላ ሻጭ ምራት” እንዳይለኝ ብዬ ነው። እንጀራ የሚያበላኝን እጅ አፈርኩበት። ከዚያ ወዲህ የጠመቅኩት ጠላ ሁሉ፣ ጌሾ ሞልቶ እያለም ቢሆን፣ እንደ እርስዎ አልሆነልኝም። ልክ መጠኑን አውቃለሁ፣ ቀኑን አውቃለሁ። የጎደለውን አላውቅም።

ትናንት ገበያው ተመልሶ መጣ። ቅዳሜን አልጠበቀም።

“ወሰንሽ?” አለኝ።

“ጓዳው አይለቀቅም። እናቴ በአፋቸው ካላሉ።”

“የሚጠጣው የሌለ ጠላ ልትጠምቂ ነው?”

“አላውቅም።”

“እና ምን ልትበይ?”

“እሱንም አላውቅም።”

ራሱን ነቀነቀ። ክበቡ ሌላ ሴት እንደሚቀጥር፣ ያን ጊዜ ብጸጸት ጆሮ እንደማይሰጠኝ ነገረኝ። እውነቱን ነው። ጠላ ድሮ የነበረውን ሰው አይመልስም፤ አያ አሥራተ ማርያም ቢመለስ እንኳ እሱ አንድ ሰው ነው። ቤቱ መዘጋቱ አይቀርም ይሆናል። ቢዘጋ ግን እርስዎ ይዝጉት። ይለቀቅ ካሉ ጋኖቹን በገዛ እጄ አወጣለሁ። ይጠመቅ ካሉም እጠምቃለሁ፣ ቀማሽ ቢጠፋም። ብቻ ከነጋዴ አፍ አይምጣብኝ፤ ከእርስዎ ልስማው። ዳገቱ ለጉልበትዎ ከከበደ እኔ እወርዳለሁ። ይህ ወረቀት በደረሰ በሚቀጥለው ገበያ ኒሯቅ ነኝ። ደጅዎ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ አልገባም፣ ግቢ ካላሉኝ። ሊያዩኝ ካልፈለጉ ቄሱ ወጥተው ይንገሩኝ፣ ሳልቀየም እመለሳለሁ።

ከዚህ በታች ስሜን ልጽፍ ስል ልጅዎ ልበል ምራትዎ ልበል ቸገረኝ። ስሜን ብቻ አስቀምጫለሁ። ከፊቱ ቦታ ትቻለሁ፤ እርስዎ ያሉትን ቄሱ ይጻፉበት።

ጥሩሐረግ