የደብሩ ወይራ በበረዶ አገር

ለልጄ ለአምላኩ፣ በዚያ ብርድ አገር ፈጣሪ ጥላ ይሁንህ። እኛ ቢቸና ደህና ነን፤ ጤፉ ታጭዷል፣ የማይሻለው የእኔ ጉልበት ብቻ ነው።

እህትህ ስርጉት ከሞጣ መጥታ የላክህላትን ፎቶ አሳየችኝ። በጠፍጣፋ ሸክላ እየከረከምክ የምታሳድገው ወይራ ቅጠሉን አራግፏል። በረዶ ላይ ጥለኸው ነው ወይስ ማሞቂያ ሥር? ሁለቱም ይገድለዋል። ውርጭ በማይገባበት፣ ብርሃን ባለው ቀዝቃዛ ክፍል አኑረው፤ ውኃም አታብዛበት። ለዛፍ ፎቶ ጊዜ አለህ፣ ለእናትህ ስልክ ግን የለህም።

ይህን ስርጉትን አላጻፍኳትም፤ ወሬው አባ ባንተአምላክ ጆሮ ይገባል። በስተርጅና በተማርኩት ፊደል ራሴው ጻፍኩት። አባ ችግኙን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነቅለው ሲሰጡህ «የደብሩ ዛፍ ነው፤ ቢሞት እናትህን ነው የምጠይቅ» ብለው ነበር። አሁን ባገኙኝ ቁጥር «ይርጋነሽ፣ ልጃችን አቆጠቆጠ?» ይሉኛል።

«ደህና ነው፣ አባ» እላለሁ፣ ያውም በመቅደሱ ደጅ ቆሜ።

«ካንቺ ልጅ እሱ ይሻላል፤ ሥር አለው» ብለው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

እባክህ፣ ቅርፊቱን በጥፍርህ ጫር አድርገው። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ጻፍልኝ፣ ለአባ በእውነት እነግራቸዋለሁ። ደርቆ ከሆነ ግን ግንዱን እንዳትጥል። የደብር ዛፍ በሰው አገር አይጣልም፤ አንተው ይዘኸው ና፣ ከበቀለበት እንመልሰዋለን።

እመቤቴ ትከተልህ፣ እጅህን ከብርድ ትጠብቅልህ። ወይራው ይለምልም ወይስ ይድረቅ ብዬ ልለምናት እንደሚገባኝ ግን አላውቅም።

እናትህ ይርጋነሽ