የጣሪያዬን መንጠቆ ስላስነቀሉልኝ

ለክቡር ሐጂ መሕዩዲን
የፓሲር ጀሪንግ አፓርታማ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ኳላ ትሬንጋኑ

ክቡር ሐጂ፣ አሰላሙ አለይኩም። ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ የሚያርፉትን እረፍት አጣጥመው በተነሡበት ሰዓት እንዲደርስዎ እመኛለሁ። ከእርስዎ በላይ ባለው ቤት የምኖረው፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ገበያ ላይ ኬሮፖክ የሚባለውን የዓሣ ሊጥ ቁራጭ በዘይት የምጠብሰው ሮስና ነኝ። ከንፈሬ ትንሽ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች በትሕትና አስረዳለሁ።

የሚነግድ ሰው የቀኑን ነገር ካልጻፈ ይረሳልና በየዕለቱ ማስታወሻ እይዛለሁ። ስለዚህ የምናገረው ከንዴቴ ሳይሆን ከደብተሬ ነው።

አንደኛ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ዕለት ኮሚቴው ሁለት ሰዎችና አንድ መሰላል ልኮ፣ የልጄ የዋርዳ ዥዋዥዌ የተሰቀለበትን መንጠቆ ከጣሪያዬ ስለነቀለልኝ አመሰግናለሁ። ዋርዳ እንደ አልጋ የምትተኛበት ሽርጥ የታሰረበት ሞላ ለሁለት ዓመት ያህል ሲጥ ሲጥ እያለ ቀትርዎን እንደረበሸ በጽሑፍ ተነግሮኛል። ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፍነውልኝ መሄዳቸውም ትልቅ ደግነት ነው። በየቀኑ ለሁለት ሰዓት በጀርባዬ ተንጋልዬ የማየው እሱን ብቻ ስለሆነ፣ በስተቀኝ በኩል ጠርዙ በደንብ እንዳልተለሰነ ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

ሁለተኛ፤ በስብሰባው ላይ ስለሰጡኝ ምክር ባለ ዕዳዎ ነኝ። «እናቷ ጎን ብትተኛ ምን ትሆናለች? አልጋ የላችሁም እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አልጋ አለን። ቀድሞ የዥዋዥዌውን ገመድ በእግሬ ጣት አስሬ እየወዘወዝኩ፣ በእጄ ሊጡን እቆርጥ ነበር፤ ልጅም ትተኛለች፣ ሥራም ይሠራል። አሁን ሁለታችንም አልጋ ላይ ነን። ዋርዳ ግን እንደ ሰው በአንድ በኩል አትተኛም፤ በተኛችበት ትዞራለች። ከደብተሬ እጠቅሳለሁ፦

«ረቡዕ። ራሷ ሆዴ ላይ፣ ተረከዟ አፌ ላይ። ከንፈሬ ደማ።»

«ዓርብ። ጥጉን ለቀቅኩላት፤ ተከትላኝ መጣች። በእሷና በግድግዳው መካከል ነኝ። ግድግዳው ይሻላል፣ አይራገጥም።»

«እሑድ። ፀጉሬን ጣቷ ላይ ጠምጥማ ተኛች። ለመነሣት መቀስ ያስፈልገኛል። መቀሱ ወጥ ቤት ነው።»

ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አንድ ክንዴን ለማውጣት ስሞክር ዓይኗን ሳትገልጥ «እማ፣ ተኚ!» ትላለች። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእርስዎ ቀጥሎ ትእዛዙ ይግባኝ የሌለው የእሷ ነው።

ሦስተኛ፤ የኮሚቴው ጸሐፊ የጠቆሙኝን ባለ አራት እግር የብረት ዥዋዥዌ ሞክሬዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ውስጡ ሆና እየዘለለች ከመኝታ ቤት እስከ በሩ ድረስ አስኬደችው። በዚያ ቀትር የቤት ዕቃ የምናስወጣ መስሎዎት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዕቃውን መልሻለሁ።

አራተኛውን፣ ማለትም ጥያቄዬን፣ ለማስረዳት ስለ ሥራዬ ጥቂት ማለት አለብኝ። ባሌ የጀልባ ሠራተኛ ነው፤ ባሕር ላይ ሁለት ሳምንት ይቆያል። እናቴም አሁን በሕይወት የለችም። ስለዚህ ዋርዳን ገበያ ይዣት እሄዳለሁ። ተኝታ ከዋለች ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን እጇን እያውለበለበች ታመሻለች። ሳትተኛ ከመጣች ግን እያለቀሰች ወደ እኔ፣ ማለትም ወደ ፈላው ዘይት ትሮጣለች። ስለዚህ ቀስቅሻት አልሄድም። ትቻትም አልሄድም። እስክትነቃ መጠበቅ ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሷም አልጋው ላይ ብዙ ከመዞሯ የተነሣ ዘግይታ ተኝታ ዘግይታ ትነቃለች።

ገበያው ደግሞ ደንብ አለው። እስከ አሥር ሰዓት ድንኳኑን ያልዘረጋ እንደ ቀረ ይቆጠራል፤ ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ከጎደለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የእኔ ቦታ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለው የመጀመሪያው ነው። እናቴ አሥራ አንድ ዓመት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ቆመንበታል። ሁለት ሐሙስ ጎድያለሁ። በሁለተኛው ሐሙስ ከጎኔ ፍራፍሬ የምትሸጠው እትዬ መሎር ደወለችልኝ።

«አንቺ፣ የት ነሽ?»

«አልጋ ላይ» አልኳት በሹክሹክታ።

«አመመሽ እንዴ?»

«ታስሬ ነው።»

«ማን አሰረሽ?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

«ልጅሽን ቀስቅሻትና ነይ በቃ! እዚህ ዙልኪፍሊ ሜትር ይዞ ቦታሽን እየለካ ነው።»

የገበያው ተቆጣጣሪ ዙልኪፍሊ ስልኩን ተቀብሏት፣ «እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? የሚጠብቅ ሰው አለ። በመጪው ሐሙስ ካላየሁሽ ቦታው የሌላ ነው» አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ዋርዳ እግሯን ከተተችበት።

ስለዚህ ክቡር ሐጂ፣ መንጠቆው ወደ ቦታው እንዲመለስልኝ፣ ወይም ኮሚቴው ዋርዳን ሳያነቃ ከሥሯ የሚያወጣኝ ሰው ሐሙስ በስምንት ሰዓት እንዲመድብልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ለሕንፃው ፀጥታ ያለዎት አሳብ፣ ለቀትር እንቅልፍዎ ያለዎትም ታማኝነት ከቤተሰብዎ አልፎ ለጎረቤት እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ፣ በነፃው እጄ፣

አክባሪዎ
ሮስና፣ ከላይኛው ፎቅ
ሰኞ

ማሳሰቢያ፤ ደብዳቤውን ሳልልከው ማክሰኞ ባለቤትዎ ሐጃ ረምላ ከኳላ ሉምፑር የመጣውን የልጅ ልጃችሁን አዝለው በሬን አንኳኩ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ሮስናዬ፣ የኔ ልጅ፣ ያ ሞላሽ አለ? ሦስት ቀን ሙሉ እኔና ሐጂ መሐል ገብቶ ሲራገጥ ነው የሚያድረው። ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ሐጂ አሁን ገና ሸለብ አድርጓቸዋል» አሉኝ። ሰጠኋቸው፤ ጎረቤት ነን።

ረቡዕ በሰባት ሰዓት ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ ከወለላችን ሥር መጣ። ዋርዳ ከላዬ ወረደች። የወለሉ ሸክላ ላይ በሆዷ ተኝታ ጆሮዋን ለጥፋ ስታዳምጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ሐሙስም እንዲሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነቃ ሊጤ ተቆርጦ አልቆ ነበር፣ ድንኳኔንም አሥር ሰዓት ሳይሞላ ዘረጋሁ። ዙልኪፍሊ ሜትሩን ኪሱ ከተተ።

ጣሪያዎ ላይ መንጠቆ ስለመግባቱ ለኮሚቴው አላመለክትም። ነገር ግን ልጁ እሑድ እንደሚሄድ ሰምቻለሁ። መንጠቆዬ እስከዚያ ካልተመለሰ፣ ከሰኞ ጀምሮ በሰባት ሰዓት ዋርዳን ይዤ እወርዳለሁ፤ በእርስዎም ቤት አልጋ አለ፣ ሐጃም ከመካከላችሁ ቦታ እንደማይነሷት ነግረውኛል። መነጽርዎን ብቻ አስቀድመው ያውልቁ።