መስመሯ ቀለም አልነበረችም

ኮልፌ፣ ጥቅምት 4 ቀን

ውድ ጋሽ ፍቅሬ፣

ከኮልፌ ሳንሱሲ በታክሲ ብዙ መንገድ አይደለም። እዚሁ ሆኜ ደብዳቤ መጻፌ ሊያስቅዎት ይችላል። ግን ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጊዜ መጥቼ፣ አሁን ከሚኖሩበት ከልጅዎ ከኤልዳና ቤት በር ተመልሻለሁ። አንዱን ቀን እንዲያውም አንኳኩቼ ነበር፤ ከውስጥ ኮቴ ስሰማ ጥጉ ላይ ያለችው ሱቅ ገባሁና የማልፈልገውን ሳሙና ገዛሁ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በር አንኳኩቶ መሮጥን በልጅነቴ እንኳ ወሊሶ ሳለሁ አላደረግኩትም። ፊትዎን እያየሁ መናገር ቢያቅተኝ ነው በወረቀት የመጣሁት።

ይህን ወረቀት የምታደርስልዎት ባለቤቴ ማራኪ ናት። አብሮት የተጠቀለለ ዕቃ አለ። እባክዎ ዕቃውን ከመፍታትዎ በፊት ይህን ያንብቡልኝ። ዓይንዎ ከደከመ ኤልዳና ታንብብልዎት፤ እሷም መስማት አለባት።

ነገሩ ስለ ሚስተር ሞሪታ ጎራዴ ነው። ታሪኩን ሃያ ጊዜ ነግረውኛል፣ እኔ ግን አንድም ጊዜ እስከ መጨረሻው አልሰማሁም። መጀመሪያውን አውቀዋለሁ፦ ጃፓናዊው የመንገድ መሐንዲስ፣ እርስዎ ሾፌራቸው፣ አራት ዓመት በአንድ መኪና። ወባ የጣላቸው ጊዜ ወንዝ ሞልቶ ሳለ ተሻግረው ሐኪም ቤት እንዳደረሷቸው። አገራቸው ከገቡ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንጨት ሣጥን ታቅፈው ኮልፌ ድረስ እንደመጡ። ውስጡ ያለችው አጭር ጎራዴ የሚስታቸው ወንድም በእጁ የሠራት እንደሆነች፣ ለጠብ ሳይሆን አዋቂዎች ቤታቸው አስቀምጠው የሚያይዋት ዓይነት እንደሆነች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጭቃው፣ ስለ እሳቱና ደመና ስለምትመስለው መስመር ሲጀምሩ እኔ ወይ ውሃ ልጠጣ እነሳለሁ ወይ ስልኬን አያለሁ። የሽማግሌ ወሬ ነው ብዬ። የግቢዎን የመንገድ ዳር ክፍል ከፍተው «እዚህ ሥራ» ያሉኝን ሰው አሥር ደቂቃ መስማት ከብዶኝ ነበር።

ለኤልዳና ሽማግሌ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው ያመጡልኝ። ባለቤትዎ እትዬ ዘመነች ሳሎኑን ቀለም አስቀብተው፣ መጋረጃውን አሳጥበው፣ እርስዎ ደግሞ ጎራዴዋ ከቡፌው ላይ ተነሥታ ግድግዳ ላይ እንድትሰቀል ፈልገው። በእሳቸው ሻርፕ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሯት። «ለመስቀያው ልኳን ውሰድ። ከአፎቷ ግን እንዳታወጣት» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። «እሺ» ያልኩት ለሁለቱም ነበር፤ ከልቤ የነበረው ግን የአንዱ ብቻ ነው።

ያውቁኛል። በርና መስኮት የምሠራው ለእንጀራዬ ነው፤ ስሜ የወጣው ግን በቢላ ነው። በበዓል ሰሞን ከጦር ኃይሎች ድረስ ቢላ የሚያመጡልኝ ሰዎች ስለት ብቻ ፈልገው አይደለም። «የነገሬ ቢላ ፊት ያሳያል» ይባላል። ደብዛዛ ብረት ሳይ ያሳክከኛል። ሰው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያዩ ያህል ነው የሚሰማኝ።

ልኳን ወሰድኩ። ከዚያ እጄ አላርፍ አለ። መዘዝኳት። ብረቷ ውብ ነበር። ስለቷን ተከትሎ ግን ከእጀታው እስከ ጫፏ ነጣ ያለ፣ ወጣ ገባ የሚል፣ መስታወት ላይ የተነፈሱበት የመሰለ ነገር አየሁ። እርጥበት የበላት መሰለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ቡፌ ላይ ተቀምጣ ደብዝዛለች፣ ለሽማግሌዎቹ ቀን አብርታ ጋሼን ላስደስት ብዬ አሰብኩ። በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት ጀመርኩ። ከዚያ የጨርቁን ጎማ ማሽኑ ላይ ገጥሜ፣ የማንጸባረቂያውን ቅባት ቀብቼ ያዝኳት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሲያልቅ ጥርሴን አየሁባት። እያፏጨሁ ነበር ጋሼ። ከሁሉ ይልቅ እሱ ሲታወሰኝ ነው ፊቴን የማዞረው።

የቅዳሜውን ዕለት ያስታውሳሉ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ አቶ አምሐ ለልጁ ወገን ተናገሩ፣ ነገሩ በጎ ሆነ፣ ምሳ ተበላ። ከዚያ አቶ አምሐ ግድግዳውን አይተው «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉ። እርስዎም ጀመሩ። እኔ ሶፋው ጥግ ላይ በሁለት ወፋፍራም ሰዎች መካከል ተጣብቄ መነሻ አልነበረኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አንጥረኛው ብረቱን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጀርባውን በወፍራሙ፣ ስለቱን በስሱ። ከእሳት አውጥቶ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ስለቱ ይጠነክራል፣ ጀርባው ለዘብ ይላል። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ላይ ደመናዋ ትወጣለች። ሰው አይስላትም፤ ስለዚህ የሁለት ጎራዴ መስመር አይመሳሰልም። ጎራዴዋን ጎራዴ የሚያሰኛት እሷ ናት።

እርስዎ ይህን ሲያወሩ በማሽን የፈተግኩት ምን እንደነበር ገባኝ።

«አውርድልኝ» አሉኝ። አወረድኩ። መዘዟትና ወደ መስኮቱ ዞሩ። አዘነበሏት። ገለበጧት። መነጽርዎን አውልቀው በሸሚዝዎ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ነገሬ፣ መስመሯ የት ሄደች?»

እውነቱን ብናገር ይቆጡኝ ነበር። ምናልባት በሰው ፊት ያሳፍሩኝ ነበር፤ ሠርጉ ሲደርስ ደግሞ ይቅር ብለው ሥጋውን እንድቆርጥ ይጠሩኝ ነበር። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን የገዛ ሰፈሬ ሰዎችና የሩቅ እንግዶች ሁሉ ያዩኛል፣ እኔም በኮልፌ ብረት አዋቂ የምባል ሰው ነኝ።

«ቀለም ነበረች መሰለኝ ጋሼ። በጨርቅ ጠረግ ሳደርጋት ለቀቀች» አልኩ።

አቶ አምሐ ሳቁ። ዘንድሮ ያልተቀባ ነገር የት ይገኛል አሉ፤ ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እርስዎም ፈገግ አሉ። ጎራዴዋን ቀስ ብለው ወደ አፎቷ መለሷት፣ ወሬውም ወደ ሠርጉ ቀን ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔዋ ቃል ግን አፋፍ ላይ አልቆመችም፣ ጃፓን ድረስ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ጎራዴዋን ከነመስቀያዋ ይዘው መጡ። «ሃያ ስድስት ዓመት ለእንግዳ ቀለም ሳሳይ ኖሬያለሁ። ውሰዳት፣ ለቢላ ትሁንህ» አሉኝ። ድምፅዎ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ስለ ጎራዴዋ ብቻ እንዳልተናገሩ ገብቶኛል። ያ ሰውዬ ወንዝ የተሻገረለትን ወዳጁን እንደ ጅል ቆጥሮ የሱቅ ዕቃ አስታቅፎት ሄደ ብለው አምነው ነበር። እኔም እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። አሁንም እኮ ጊዜ ነበረኝ፤ ሱቁ ውስጥ ከእኔና ከእርስዎ በቀር ሰው አልነበረም። ሣጥን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስገባኋት።

በቀጣዩ መስከረም ላይ እትዬ ዘመነች ሱቄ መጡ። ሚስተር ሞሪታ እንደ ልማዳቸው ለአዲስ ዓመት ደውለው እርስዎ አላነሳም ማለትዎን ነገሩኝ። ከዚያ ዓይኔን እያዩ «ነገሬ፣ እውነት ቀለም ነበር?» አሉኝ። ሴት ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት አቧራዋን የጠረጉት እሳቸው ናቸው። በጨርቅ የሚለቅ ቢሆን በእሳቸው እጅ ይለቅ ነበር። ይህን እያወቅኩ «አዎ» አልኩ። እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። አምና ጌታ ጋር ሲሄዱ ድንኳን የተከልኩት፣ ወንበር ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ «እንደ ልጅ ሆነላቸው» ይል ነበር። እያንዳንዱን ወንበር ስዘረጋ ያቺ «እሺ ልጄ» ትሰማኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በምስክርነት ሰዓት ተነሥቼ ስለ መጠጡም፣ ወንድሜን ስለ መቀየሜም ተናግሬያለሁ። ስለ ጎራዴዋ ግን እርስዎ ፊት ለፊት ወንበር ላይ እየተቀመጡ አንድ ቃል አላወጣሁም።

እንዲህ ሆኜ እስካለፈው ጳጉሜ ቆየሁ። ያዋረደኝም ያወጣኝም ሎሚ ነው። ማራኪ ለበዓሉ ዶሮ ልታጥብ ስትል፣ የቢላ ሠሪ ቤት ነውና የሚቆርጥ ቢላ ጠፋ። ሁሉም የደንበኛ ነው። አልጋ ሥር ስትፈልግ ሣጥኑን አገኘች። ማታ ስገባ በቁጣ ጠበቀችኝ፤ እንዲህ ያለ ቢላ ደብቀህ እኔን በዶለዶመ ታሰቃየኛለህ አለች። ጎራዴዋ ሳህኑ ላይ በሎሚ ውሃ ተለውሳ ተጋድማለች። አንስቼ በውሃ አለቀለቅኳትና ወደ አምፖሉ ያዝኳት።

መስመሯ ወጥታ ነበር ጋሼ።

ሎሚው የነካው ግማሽ ድረስ፣ ከመካከሏ እስከ ጫፏ፣ ያቺው ነጣ ያለች ወጣ ገባ ደመና ተመልሳ ተኝታለች። ቀለም ቢሆን ማሽኑ በልቷት በቀረች። ብረቷ ውስጥ ነበረች፤ እኔ ላይ ላዩን አንጸባርቄ ሸፈንኳት እንጂ አልነቀልኳትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ በሰው ላይ የሚሠራ እንጂ በቢላ ላይ የሚሠራ አይመስለኝም ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ። ማራኪ ደንግጣ ዶሮውን ትታ መጣች፣ ለእሷም ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» ብቻ አለች።

በማግስቱ ለእንቁጣጣሽ ኤልዳናን ስደውልላት፣ ስልክዎ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ጠርቶ እርስዎ በፊቱ እንደ ደፉት እንዲያው በወሬ መካከል ነገረችኝ። ቁጥሩ የውጭ ነው አለች። ሰውየው በሕይወት አሉ ማለት ነው። በሰማንያ ስንት ዓመታቸው፣ ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ፣ ሦስት አዲስ ዓመት ደውለዋል።

ውሸቱን በሰው ፊት ስለተናገርኩ ማረሙም ሰው ፊት ይሁን ብዬ ከእርስዎ በፊት አቶ አምሐ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ግንባራቸውን ቋጥረው አዳምጠውኝ ሲያበቁ «የቱ ጎራዴ?» አሉኝ። ረስተውታል። ያ ሁሉ ሳቅ ለእሳቸው የአንድ ምሳ ጨዋታ ነበር። እኔ ለእንዲህ ያለ ሰው አስተያየት ፈርቼ ነው የእርስዎን ወዳጅ የሸጥኩት።

አሁን ጥቅሉን ይፍቱት። ጎራዴዋን ዘይት ነክቻታለሁ፤ ሌላ ምንም አላደረግኩም። ጫፏን ወደ መስኮቱ ያዘንብሏት፣ ግማሹን ያዩታል። በእጀታው በኩል ያለውን ግማሽ እንደ መስታወት የሚያበራ ሆኖ ያገኙታል። ሎሚ አንስቼ ያንንም ላወጣው እችል ነበር፤ እጄ ብዙ ጊዜ ሄዷል። ግን ከአፎቷ እንዳታወጣት ብለውኝ ነበር፣ ዘግይቼም ቢሆን ልታዘዝ ብዬ ተውኩት። ደግሞ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት አለባት። በወጉ የሚመልሳት በድንጋይ ቀናት ሙሉ እየፈተገ የሚሠራ የእነሱ አገር ሰው ነው አሉ። የት እንደሚገኝ ሚስተር ሞሪታ ሳያውቁ አይቀሩም።

መምጣት ከፈቀዱልኝ እመጣለሁ፤ በሩንም አንኳኩቼ እቆማለሁ። ካልፈቀዱም ይገባኛል። ይቅርታ የምለምንበት አፍ እስካሁን አላገኘሁም፣ ቢኖረኝም ተራው የእኔ አይደለም። እኔ እዚሁ ኮልፌ ነኝ፤ ነገም፣ የዛሬ ዓመትም ቢፈልጉኝ ያገኙኛል። ሚስተር ሞሪታ ግን አርጅተዋል። ይህን ወረቀት ሲጨርሱ ለእኔ መልስ አይጻፉ። መጀመሪያ ለእሳቸው ይደውሉላቸው።

«ከአፎቷ እንዳታወጣት» የተባልኩት፣
ነገሬ