«ወላሂ» ያለች ክርስቲያን በፈጣኑ መስመር

ለክቡር የቀይ አፈር የድንበር መተላለፊያ ኬላ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ አለይኩም፤ ሰላመ እግዚአብሔርም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ሁለቱን ሰላምታ አንድ ላይ የጻፍሁት ለማሾፍ እንዳይመስልዎ፤ እኔ ባደግሁበት ቤት ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ይባላሉ። ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በኬላው ያሉ ባልደረቦችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ከሁሉም በላይ ሁለቱ እግሮችዎ ደህና ናቸው? ይህን የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ የእግር ጤንነት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በእርስዎ ኬላ በኩል ሳልፍ ነው የገባኝ።

ስሜ ሸዋረግ አህመድ ነው፤ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። አባታችን አህመድ ሸማኔ ናቸው፤ እናታችን የሺእመቤት ደግሞ የቄስ ልጅ ናቸው። ሊጋቡ ሲሉ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሴት ልጅ ብትወለድ በእናቷ፣ ወንድ ቢወለድ በአባቱ ሃይማኖት ይደግ ብለው ተስማሙ። በዚህ ስምምነት እኔ ክርስትና ተነሣሁ፣ ታናሼ በሽር ቁርአን ቀራ። በዓል ሲመጣ ለየብቻ ይታረድልናል፣ ወጡም በሁለት ድስት ይሠራል፤ የምንበላው ግን ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። በእኛ አካባቢ ይህን ሰምቶ የሚገረም ሰው ስለሌለ፣ የሚያስገርም ነገር መሆኑን ያወቅሁት ቀይ አፈር ደርሼ ነው።

በሽር ከአባታችን ጋር ሸማ ይሠራል። ሸማኔ ሲሠራ አይተው እንደሆነ እጁ መወርወሪያውን ቢያመላልስም ክሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት እየተፈራረቁ የሚረግጡት ሁለቱ እግሮቹ ናቸው። በአጨዳ ወራት ግን እንደ አገራችን ጎረምሶች ሁሉ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ባለፈው ጥቅምትም ሁለታችን የመተላለፊያ ወረቀት አውጥተን ከድንበሩ ማዶ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደን ነበር። እሱ ያጭድ ነበር፣ እኔ ለአጫጆቹ ምግብ እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ነዶ ሲያነሣ እባብ ቀኝ እግሩን ነደፈው። የእርሻው ሾፌር ጠልሐ፣ አላህ ይስጠው፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ በፒካፑ ጫነንና በረርን፤ መድኃኒቱ የሚገኘው ከኬላዎ ወዲህ ባለው ሆስፒታል ነበርና። ረፋድ ላይ ደጃፍዎ ደረስን።

ከዚህ በኋላ ያለውን፣ ጊዜዎን እንዳላባክን በማሰብ፣ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሰሌዳው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ሥራ ያፋጥናል በተባለው በአዲሱ የቢፒአር አሠራር የከፈቱት ፈጣን መስመር «ለሕሙማን፣ ለሚበላሽ ጭነትና ሰነዳቸው ለተሟላ ተሽከርካሪዎች» የሚል በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ ትልቅ ሰሌዳ አለው፤ ከሩቅ ይነበባል። ጠልሐ ሲያየው «አልሐምዱሊላህ፣ ተረፍን!» ብሎ ጮኸ። በሽተኛ ይዘናል፤ ወረቀታችን ማኅተሙ ሳይደርቅ በእጃችን ነው። በሌላው መስመር የቆመውን የከባድ መኪና ሰልፍ አልፈን በፈጣኑ ገባንና ሰንሰለቱ ፊት ቆምን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለእኛ እንደሆነ ገና አላወቅንም ነበር።

፪ኛ. ተረኛ ሹምዎ ወረቀታችንን እጅግ በጥንቃቄ መመርመራቸውን ሳልመሰክር ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ስማችንን ደጋግመው አነበቡ። ከዚያ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩና «የአህመድ ልጅ ማተብ ታስራለች እንዴ?» አሉኝ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሹምዎ ግን በዚያ ሰሞን በሐሰተኛ ወረቀት ሰው የሚያዘዋውሩ ደላሎች ይዘው ስለነበር፣ እኔም ወንድሜ ያልሆነ ሰው በበሽተኛ ስም የማሻግር መሰልኋቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ በዚያ ቀን እባቡን ያየነው ግን እኛ ነበርን።

እዚህ ላይ ጥፋቴን አልሸሽግም። የበሽር እግር ዓይኔ እያየ ሲያብጥ፣ ከንፈሩ ሲደርቅ ጊዜ ጨነቀኝና፣ አገሬ ብሆን እንደምለው፣ «ወላሂ ወንድሜ ነው!» ብዬ ማልሁ። እኔ የማውቀው ሰው መሐላ ሲሰማ እንደሚለሰልስ ነው። ሹምዎ ግን ክርስቲያን ሆና ወላሂ የምትል ሴት ከተፈጠሩ አላዩም ኖሮ፣ ማተቡም የውሸት ነው ብለው ደመደሙ። አባታችን ሆይን በይ አሉኝ፤ አልሁ። «አጥንተሽው ነው» አሉ። ይህን ሁሉ ከፒካፑ ላይ ተኝቶ የሚሰማው በሽር ሊያግዘኝ ፈልጎ ቀና አለና፣ በዚያ በደከመ ድምፁ «ጋሼ፣ በማርያም ይልቀቁን!» አላቸው። ሥራችን ያን ጊዜ ፈጽሞ ተበላሸ። ማርያምን የሚጠራ በሽርና ወላሂ የምትል ሸዋረግ በአንድ መኪና ተገኝተው እንዴት ይታለፋሉ? ወረቀቱ በሽርን ከሌላ ሰው ለይቶ አያስረዳም ተብሎ ተያዘ፣ ጠልሐም ሞተሩን እንዲያጠፋ ታዘዘ።

፫ኛ. ከእኛ ኋላ ቲማቲም የጫነ አይሱዙ መጣ። ፒካፓችን ወደ ጥግ እንዲጠጋ ተደረገና ሰንሰለቱ ተነሣ፣ አይሱዙው አለፈ። ምነው ብዬ ብጠይቅ ሹምዎ በትሕትና «የሚበላሽ ነገር ነው፣ እህቴ» ብለው አስረዱኝ። ማብራሪያው ትክክል መሆኑን አምናለሁ፤ ቲማቲም ፀሐይ አይችልም። የወንድሜም እግር የሚበላሽ ነገር መሆኑን ለመናገር ሞክሬ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የቢሮው መስኮት ተዘግቶ ነበር። ከአይሱዙው በኋላ ስንት መኪና እንዳለፈ አልቆጠርሁም፤ ዓይኔ ከበሽር ጣቶች ላይ አልተነሣም። መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥሎ ደም የቋጠሩ መሰሉ፣ በመጨረሻ በሽር ስሜን መጥራት ተወ።

፬ኛ. ምስክር አቅርቢ ስባል በስልክ አባቴን አገኘኋቸው። አባቴ በስልክ ሲናገሩ ከመካነ ሰላም ማሻ ድረስ ይሰማሉ ብለን የምንቀልድባቸው ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ዝቅ ብለው ይለምኑ ጀመር። «ጌታዬ፣ ሁለቱም የኔው ናቸው፤ አንዱን በአዛን አንዷን በደወል ያሳደግኋቸው የራሴው ልጆች ናቸው። ዱዓ አደርግልዎታለሁ፣ ልጄን ይልቀቁልኝ» ሲሉ እኔም ሹምዎም ሰማን። እናቴ ስልኩን ነጥቀው «ያረቢ! ያረቢ! ልጄን!» እያሉ ሲያለቅሱ ግን ሹምዎ በኀዘኔታ አዩኝ፤ የቄስ ልጅ ናት ያልሻት ይችን ነው? ማለታቸው ነበር። ድምፅ ማስረጃ እንደማይሆንም አስረድተውኝ ስልኬን መለሱልኝ። ሕግ አዋቂነታቸውን አደንቃለሁ። እናቴ ያን ስልክ እስከ ዛሬ አንሥተው አያውቁም፤ ሲጮህ ከቤት ይወጣሉ።

፭ኛ. ከቀትር በኋላ ተረኛ ተቀየረ። አዲሱ ሹም የእኛው አገር፣ የኩታበር ሰው ነበሩ። ስማችንን አነበቡ፣ ማተቤን አዩ፣ ከዚያ የበሽርን እግር አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል አልጠየቁኝም፤ «ኧረ በአላህ! ይኸን ይዛችሁ ነው የተቀመጣችሁት?» ብለው ሰንሰለቱን በገዛ እጃቸው ጣሉት። የእርስዎ ፈጣን መስመር በእውነት ፈጣን ነው፤ ለማለፍ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አልፈጀብንም።

ሆስፒታሉ ውስጥ መድኃኒቱ ነበረ። ሐኪሙ ሕይወቱን አተረፈልን፤ እግሩን ግን ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። ጠዋት ብትመጡ ኖሮ አለኝ፤ ጠዋት መጥተን ነበር ብዬ መለስሁለትና መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን የምጽፈው እግሩን መልሱልኝ ለማለት አይደለም። ኅዳር ላይ ከበላይ የመጡ አጣሪዎች ጠይቀዋቸው የፊተኛው ሹምዎ «መመሪያ አክብሬያለሁ» ብለው እንደተመሰገኑ ሰምቻለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ለማለትም አላበቃኝም፣ ውሻውም አልጮኸምና። የምጽፈው በመጪው ጥቅምት የጎረቤታችን ልጆች ኢማድና ቃለ ክርስቶስ በዚያው መንገድ ስለሚወርዱ ነው። የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው፣ አብሮ አደጎች ናቸው፣ ሁለቱም ሲደነግጡ የአንዱን ከሌላው ሳይለዩ ይምላሉ። ልማዳችሁን እዚህ ትታችሁ ውረዱ ብዬ ልመክራቸው አስቤ ነበር፤ አፌ እሺ አላለኝም። ስለዚህ ከዚያ ትልቅ ሰሌዳ ሥር አንድ መስመር እንዲያስጽፉልኝ እለምናለሁ፦ «በሽተኛ መጀመሪያ ይታለፍ፣ ማንነቱ በኋላ ይጠየቅ»። ቀለሙን እኔ እገዛለሁ።

ደብዳቤውን ለበሽር አነበብሁለት። ግድግዳ ተደግፎ እስክጨርስ ሰማና «እታለም፣ ሰውዬውን አታዋርጂው፣ እሱም ልጅ ይኖረዋል» አለኝ። ከዚያ ለአባታችን ክር ወደ ማጠንጠኑ ተመለሰ፤ አሁን የሚችለው ሥራ እሱ ነው። በእሱ ቃል ከበድ ያሉትን አንዳንድ ዓረፍተ ነገሮች ሰርዣለሁ። የቀረው እርስዎ ያነበቡት ነው፤ ይቅርታው ግን የበሽር እንጂ የእኔ አለመሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። እኔ ይቅር አላልሁም።

አላህም እግዚአብሔርም፣ በእኛ ቤት አንድ ናቸውና፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ደጃፉ ላይ የማያስጠብቅ ሐኪም ይስጥዎ እያልሁ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ሸዋረግ አህመድ
የበሽር አህመድ እህት (በአንድ አባትና በአንዲት እናት)
መካነ ሰላም፣ ሰኔ 2003 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት የበሽርን መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ሄደን ነበር። በአሮጌው ላይ «ልዩ ምልክት» በሚለው ቦታ «የለም» ተብሎ ነበር የተጻፈው፤ ጸሐፊዋ አሁን «ቀኝ እግር የለውም» ብላ ሞላችው። ወረቀታችን በሽርን ከሌላ ሰው ለይቶ አያስረዳም ብለውን ለነበሩት ሹምዎ የምሥራቹን ይንገሩልኝ፤ ምልክቱን ያኖረው የራሳችሁ ኬላ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ሐሰተኛ ነው የሚለው አይኖርም።