ሳይመርጡ የሚቀነጠስ ቅጠል

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤውን ስትከፍት «አንተ» ብዬ ስለ ጻፍሁልህ የሌላ ሰው ፖስታ በስሕተት የደረሰህ እንዳይመስልህ። ስድስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስልህ የኖርሁት እኔው አማትህ፣ የሚስትህ አባት ነኝ። ሰው ሁሉ አክብሮት ይመስለው ነበር፤ አንተና እኔ ግን አጥር መሆኑን እናውቃለን። አጥሩን ለምን እንዳፈረስሁት እስክነግርህ ድረስ በትዕግሥት አንብብ። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠይቄህ ዘግቻለሁ።

ነገሩ ስለ ጥቁር እንጆሪህ ቅጠል ነው።

ከልጄ ጋር ለሥልጠና ስትሄድ፣ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ በምታለማው ማሳ ላይ የጀመርኸውን ጥናት ለእኔ አደራ ሰጠኸኝ። ከሦስቱ ዝርያዎች፣ ማለትም ቀጥ ብሎ ከሚያድገው፣ በሽቦ ላይ ከሚሳበውና እሾህ ከሌለው፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅጠል እየቀነጠስሁ ወደ ላቦራቶሪ እንድልክ ነበር። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ምግብ ከቡቃያው ወራት እስከ ለቀማው ማብቂያ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ሲታወቅ፣ አምራቾቹ ብስባሽ የሚጨምሩበትን ጊዜ ይወስናሉ አልኸኝ። ለምን እኔን እንዳሰብህ ስጠይቅህ፣ ሰዓት የሚያከብር ሌላ ሰው እንደማታውቅ ነገርኸኝ። ደስ እንዳለኝ አላሳየሁህም።

መመሪያህ አንድ ገጽ ነበረ። እንዲህ ይላል፦ «ዘንድሮ ከበቀለው ቅርንጫፍ መካከል፣ ሳይመርጡ፣ ከየዝርያው አርባ ቅጠል ይቀንጥሱ።» ልጄ፣ አርባ ዓመት ጽሕፈት ያስተማረ ሰው ወረቀት እጁ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። «ሳይመርጡ» የሚለውን ባየሁ ጊዜ፣ ይህ ሰው መቼም ቸኩሎ መጻፍ አይተውም ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁና ከላዩ «መርጠው» ብዬ አረምሁት። በሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ሳይመረጥ ይቅረብ የሚል አእምሮ ይኖራል ብዬ አልገመትሁም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ በኩራት ሠራሁት። ማለዳ፣ ጤዛው እንደ ደረቀ እወጣለሁ። ከቅርንጫፉ መካከል እጀምራለሁ፤ አንዱን ቅጠል ትል ነክሶታል፣ የሌላው ጠርዝ ቢጫ ነው፣ ሦስተኛው አቧራ ለብሷል። እነርሱን እያለፍሁ ወደ ላይ ስወጣ መጨረሻ ጫፉ ላይ እደርሳለሁ። እዚያ ለጋውና አንጸባራቂው፣ እንከን የማይወጣለት ቅጠል አለ። እርሱን ቀንጥሼ በንጹሕ መሐረብ እጠርገዋለሁ። በወረቀት ከረጢት ከትቼም ዝርያውንና ቀኑን በቁም ጽሕፈት እጽፍበታለሁ። ሚስቴ በመስኮት እያየች ለሙሽራ አበባ የምሰበስብ እንደምመስል ትነግረኝ ነበር።

ስድስት ጊዜ ላክሁ። የውጤቱን ወረቀት እንደ ጎበዝ ተማሪዬ ካርድ እያየሁ እኮራ ነበር፤ ናይትሮጅኑ ከፍ ብሎ ጀመረ፣ ከፍ እንዳለም ቀጠለ። የአምራቾች ማኅበሩ ሰብሳቢም ወረቀቶቹን አይቶ፣ ተክሉ ይህን ያህል ከጠገበ ሁለተኛው ዙር ብስባሽ ዘንድሮ ይቅር የሚል ሐሳብ ለስብሰባ አዘጋጀ።

ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ደወለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእርስዎ እንጆሪ አያረጅም እንዴ?»

ተቆጣሁ። እጄ አንድም ቀን የሐሰት ቁጥር ጽፎ እንደማያውቅ ነገርኋት። እርሷም ቁጥሩን እንዳልተጠራጠረች፣ ነገር ግን ወራቱ እየገፋ ቅጠል ሲበስል ናይትሮጅኑ እንደሚቀንስ፣ ካልሲየሙ ደግሞ እንደሚከማች፣ የእኔ ቅጠሎች ብቻ ከወር ወር ሕፃን ሆነው እንደ ቀሩ በትሕትና አስረዳችኝ።

«ለመሆኑ ከየትኛው ነው የሚቀነጥሱት?»

«ከምርጡ ነዋ።»

 ሳቋን እየዋጠች እንደ ሆነ በስልክም ያስታውቃል። ቀስ ብላም፣ የሚፈለገው የማሳው ትክክለኛ መልክ እንጂ ጌጡ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ መመሪያህን አወጣሁ። ከቀዩ ሰረዝ ሥር «ሳይመርጡ» የሚለው ቃልህ ጥርት ብሎ ይነበባል። የሚታረም ነገር አልነበረበትም።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ዝም ብል አምራቾቹ ብስባሹን ይተዋሉ፤ ተክሉም ፍሬ በሚሸከምበት ሰዓት ይራባል፤ ጥፋቱም፣ ጥናቱ በስምህ ነውና፣ የአንተ ይባላል። ብናገር ደግሞ በሰፈሩ ሁሉ ሌላውን ሲያርም የኖረው ሰው ይዋረዳል። ለሚስቴ ስነግራት ታዝንልኛለች ብዬ ነበር።

«አርባ ዓመት የሰው ደብተር ስታርም ኖረሃል» አለችኝ። «እስቲ አንድ ቀን የራስህን አርም።»

ስብሰባው በፍሬ ማሸጊያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሠላሳ ያህል ሰው ባዶ ሣጥን ገልብጦ ተቀምጧል፤ ግማሹ ተማሪዬ የነበረ ነው። ከኋላዬ «ጋሽ መስመር» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ቀይ እስክሪብቶውንም፣ መሐረቡንም አልደበቅሁም።  ከዚያ ችግኝ የሚያፈላው ሰውዬ፣ ፊደሉ መስመር ስቶ በወጣ ቁጥር ከዕረፍት ሳስቀረው ያደገው፣ ልክ እንደ ያኔው እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ከመቶ ስንት አገኙ?»

«ዜሮ» አልሁት። «ነገ ደግሜ እፈተናለሁ።»

ሣጥኖቹ እስኪንቀጠቀጡ ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ ከእነዚያ ሰዎች ጋር አብሬ ስቄ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ብስባሹም በዚያው ሳምንት ተጨመረ።

አሁን አቀነጣጠሴን ብታይ ትደነቃለህ። ሚስቴ ከኋላዬ እየተራመደች አምስት አምስት ተክል ትቆጥራለች፤ «ቁም» ስትለኝ ዓይኔን ወደ ሰማይ አንሥቼ እጄን ወደ ቅርንጫፉ መካከል እሰድዳለሁ። ከእሾህ አልባው በቀር ያልወጋኝ የለም። መጀመሪያ የያዝሁት ቅጠል ግማሹ የተበላ ነበር፤ ቀስ ብዬ ልለቀው ስል «ውሰድ እንጂ፣ እያየሁህ ነው» አለችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ናይትሮጅኑ ወርዷል፣ ካልሲየሙ ወጥቷል፤ ፍሬ በሚሸከምበት ወቅትም እሾህ አልባው ከሁለቱ ይልቅ ፖታሺየም እንደሚያንሰው ታየ። ውጤት ወረደልኝ ብሎ እልል ያለ መምህር ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። የቀድሞዎቹንም ስድስት ናሙናዎች ባለሙያዋ አልጣለቻቸውም፤ «የጫፍ ለጋ ቅጠል» ብላ ለብቻ መዝግባ፣ በእውነተኛ ስማቸው ከተጠሩ እነርሱም የሚሉት ነገር አላቸው አለችኝ።

ልጄን ለጋብቻ ልትጠይቅ ጭቃ በጫማህ ይዘህ የመጣህ ዕለት፣ ቅጠል እየቆጠሩ ቤት ይቆማል ወይ ብዬ እንዳሳፈርሁህ አልረሳሁም። ከዚያ ወዲህ የታገሥሁህ ይመስለኝ ነበር። ሰሞኑን ግን ራሴን ጠየቅሁ፦ ለማልወደው ሰው ቢሆን ኖሮ እንደ ታዘዝሁት ቀንጥሼ፣ አደራዬን ተወጥቼ ወደ ቤቴ አልገባም ነበር? በስምህ የሚቀርበው ቅጠል እንከን እንዳይወጣለት በዚያ ሁሉ ጸሐይ የተጨነቅሁት፣ ሳላውቀው ልጄ አድርጌህ ስለ ኖርሁ ነው። ይህን ቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።

የቡቃያው ወራት ናሙና ግን አይመለስም። የሚመጣውን ዓመት ቡቃያ መጠበቅ ግድ ሆኗል፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ያሰባችሁት አንድ ዓመት ይዘገያል። ጊዜህን አባክኛለሁና በሙሉ ልቤ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ ይህን ቃል በጽሑፍ ሳሰፍር የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቴ ክፍላችሁን ከፍታ ፍራሽ ስታናፍስ፣ እኔም ግድግዳውን ስቀባ ሳላስበው ማፏጨቴ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለእርሱ ይቅርታ አልጠይቅም።

ሁለታችሁም በደኅና ግቡልን።

አባትህ